የወይን ጠጅን በቤት ስለ መጥመቅ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



የአገራችን ሰው ምድሩን ሲከፍል ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ይላል። ከሦስቱ ስሞች የመካከለኛውን ብንመረምር ወይን የሚለውን ቃል በውስጡ እናገኛለን፤ ትርጓሜውም ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ዛሬ በወይና ደጋ ከምንኖረው ብዙዎቻችን የወይንን ጠጅ የምናውቀው በጠርሙስ ታሽጎ ከሱቅ ሲመጣ ብቻ ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን በጓሮ ከበቀለ ወይን በቤት ጠጅ እንዴት እንደሚጠመቅ፣ ስሕተቱም ከወዴት እንደሚመጣ ጥቂት እንነጋገራለን።

ይህን ጉዳይ እንዳነሣ ያደረገኝ በከምባታ ምድር፣ በዳምቦያ ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለሁ የደረሰብኝ ነው። የተከራየሁት ቤት በስተኋላው እንሰት ነበረው፤ በደጃፉም ከእኔ በፊት የነበረ ሰው የተከለው አንድ የወይን ሐረግ ነበር። በዚያ አገር የሕዝቡ ብዛት ከመሬቱ ስፋት ጋር ሲመዛዘን እያንዳንዱ ክንድ መሬት የተቆጠረ ነው፤ የእንሰቱንና የቡናውን ቦታ ለሌላ ተክል አሳልፎ የሚሰጥ ሰው አይገኝም። ወይን ግን ጥቂት ስፍራ የሚይዘው በሥሩ ብቻ ነው፤ አካሉ በአጥርና በዳስ ላይ ተዘርግቶ ይኖራል። በመጀመሪያው ዓመት ፍሬው ሁሉ የወፍ ቀለብ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ግን ባለቤቴ ዘለላውን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ እየሸፈነች አዳነችውና 10 ኪሎ ያህል ለቀምን። ከእርሱም 3 ኪሎውን እርሷ ለልጆች ብላ አስቀረች፤ 7ቱን እኔ ወሰድሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ የበኩር ልጃችን የምርቃት ግብዣ ስለ ነበር፣ «እንግዳውን በገዛ ጓሮዬ የወይን ጠጅ አስተናግዳለሁ» ብዬ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ሁሉ አስቀድሜ ተናገርሁ። ቀኑ ሲደርስ ግን ጠጁ ኮምጣጤ ሆኖ ተገኘ።

ስሕተቴን ከመናገሬ በፊት የመፍላትን ነገር ማስረዳት ይገባኛል። በወይን ፍሬ ውስጥ ስኳር አለ፤ በልጣጩ ላይና በምንሠራበት ስፍራ ደግሞ በዓይን የማይታይ እርሾ አለ። ፍሬው ሲጨመቅ እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ያወጣል። ይህ ሥራ የሕያዋን ደቂቃን ተሕዋስያን ሥራ መሆኑን በ19ኛው ምእተ ዓመት በምርምሩ ያስረዳ ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ነው። ሊቁ የወይን ጠጅን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጠውም ሌላ ተሕዋስ እንደ ሆነ፣ እርሱም ያለ አየር መሥራት እንደማይችል አሳይቷል። እንግዲህ የጠማቂው ጥበብ ሁሉ በአንድ ቃል ቢጠቀለል፣ እርሾውን መርዳትና አየሩን መከልከል ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ፍሬው በዝናብ ወራት ከደረሰ ይሻግታልና በበጋ እንዲደርስ አስቀድሞ ሐረጉን በጊዜው መግረዝ ያስፈልጋል። የሚለቀመው በሚገባ የበሰለው ብቻ ነው፤ የበሰበሰውንና የሻገተውን ያለ ርኅራኄ መጣል ይገባል። ከዚያም ፍሬውን ከእንጨቱ ለይቶ በታጠበ እጅ መጭመቅ ነው፤ ፍሬ ነገሩን፣ ማለት ዘሩን የሰበረ ሰው ግን ጠጁን ያመርረዋል። ዕቃው ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ፣ ብርጭቆ ወይም ያልተላጠ የሸክላ ቅብ ያለው ይሁን እንጂ ብረት፣ መዳብ ወይም አልሙኒየም አይሁን፤ ኮምጣጣው ጭማቂ ብረታ ብረቱን እየበላ ወደ መጠጡ ይጨምረዋልና። ለጠላ እንደምናደርገው ዕቃውን በወይራ ጢስ ማጠንም አያሻም፤ ጢሱ የወይኑን መዓዛ ይውጠዋል። በንጹሕ ውሃ አጥቦ በፈላ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል።

ዕቃው ከአራት እጅ ሦስቱ ብቻ ይሞላና በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መፍላት ሲጀምር ልጣጩ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ እርሱን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች መድፈቅ ግዴታ ነው፤ አለዚያ ላዩ ደርቆ ይኮመጥጣል። የቀይ ወይን ጠጅ ቀለሙን የሚያገኘው ከዚሁ ልጣጭ ነው። ከ5 እስከ 7 ቀን በኋላ በጨርቅ ተጨምቆ አፈ ጠባብ ወደ ሆነ ትልቅ ጠርሙስ ይገለበጣል። ከ10 ኪሎ ፍሬ 6 ሊትር ያህል ይገኛል ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ስለ ስኳሩም ልናገር። ለጠጅ የሚተከለው የወይን ዓይነት ሲበስል ከመቶ 20 እስከ 22 ስኳር ይኖረዋል፤ ከእርሱም ከመቶ 11 ወይም 12 አልኮል ያለው ጠጅ ይወጣል። በየጓሮው የሚገኘው ለመብል የሚሆነው ወይን ግን ብዙ ጊዜ ስኳሩ ከዚህ ያነሰ ስለ ሆነ ጠጁ ቀጭን ይሆናል፤ ለመቆየትም አይችልም። በ1 ሊትር ጭማቂ ላይ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲጨመር አልኮሉ ከመቶ 1 ያህል ከፍ ይላል። እንግዲያስ 6 ሊትሩን በ2 ከፍ ለማድረግ 200 ግራም ያህል ይበቃል ማለት ነው። የዓይነትን ነገር ለማስተዋል ወደ ዝዋይ መመልከት ነው። በዚያ የፈረንሳዩ ካስቴል ድርጅት ሜርሎ፣ ሲራህ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉትን ዓይነቶች ከአገሩ አስመጥቶ በአሸዋማው መሬት ተከለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014ም የመጀመሪያውን ጠጅ አወጣ። ከሐይቁ የሚወጣው ጉማሬ እንዳይገባበትም እርሻውን በቦይ አስከበበ። የእኛ ጠላት ወፍ ብቻ ስለ ሆነ ልናመሰግን ይገባናል!

አሁን ወደ ስሕተቴ ልመለስ። ጠጁ በጠርሙስ ከገባ በኋላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የሚወጣበት፣ የውጭ አየር ግን የማይገባበት መንገድ ያስፈልገዋል። ለዚህም ቡሹን በስቶ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ማስገባትና የቱቦውን ጫፍ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ መንከር ነው። እኔም ይህን አድርጌ ነበር። ዳሩ ግን ጠርሙሱ እስከ እኩሌታው ብቻ የተሞላ ነበር፤ ደግሞም በየማታው ከሥራ ስመለስ «እስቲ ልቅመሰው» እያልሁ እከፍተው ነበር። ጠጅ ጥለው በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት ጎረቤታችን ነገሩን ባዩ ጊዜ፣ «ልጄ፣ የጎደለውን ዕቃ የሞላልህ አየር ነው፤ ከአንተ ጋር በየማታው ሲጠጣ ከረመ» አሉኝ። ከፓስተር መጽሐፍ ይልቅ ይህ ቃል ልቤ ገባ። ስለዚህ መፍላቱ ከበረደ በኋላ ጠርሙሱ እስከ አንገቱ የተሞላ ይሁን፤ ጠጁ ከተረፈም ወደ አነስተኛ ጠርሙስ ይዛወር። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ አተላው ሳይናወጥ በቱቦ ይቀዳ፤ ከአንድ ሁለት ወር በኋላም ይኸው ይደገም። ጠርቶ አረፋ መስጠቱን ፈጽሞ ሳይተው በጠርሙስ አይታሸግ፤ ገና የሚፈላ ጠጅ የታሸገበት ጠርሙስ ፈንድቶ ሰው ያቆስላልና። በየማታው መቅመስም ይቅር!

ስለ ጤናም ሳልናገር አላልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ፈጽሞ ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል። በቤት የተጠመቀ መሆኑ መጠጡን ንጹሕ ሊያደርገው ይችላል፤ አልኮልነቱን ግን አይለውጠውም።

የግብዣውም ፍጻሜ ይህ ነው። ከዳምቦያ ጎረቤቶቼ ብዙዎቹ በእምነታቸው ምክንያት አልኮል አይቀምሱም። እኔ ስለ ጠጄ ስጨነቅ ይህን አላሰብሁትም፤ ባለቤቴ ግን አስባው ነበር። ያስቀረችውን 3 ኪሎ ጨምቃ፣ ጭማቂውን ሳይንተከተክ ከ75 እስከ 80 ዲግሪ አሙቃ ጥቂት ደቂቃ ካቆየች በኋላ፣ ትኩስ እንዳለ በተቀቀለ ጠርሙስ ሞልታ ከድናው ኖሯል። ሙቀቱ እርሾውን ስለሚገድለው ጭማቂው አይፈላም። በአሜሪካ ቶማስ ዌልች የተባለ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1869 ለቤተ ክርስቲያኑ ቁርባን ያልፈላ የወይን ጭማቂ ያዘጋጀው በዚሁ ዘዴ ነበር፤ በእኛም አገር የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ከዘቢብ ተነክሮ የሚጨመቀውን ትጠቀማለች። ጭማቂው ያን ዕለት ለእያንዳንዱ እንግዳ በትንሽ ብርጭቆ ደረሰ፤ ሽማግሌዎቹም እርሱን በእጃቸው ይዘው ልጃችንን መረቁ። የእኔው ኮምጣጤ ግን ለሰላጣ ዋለ።

እንግዲህ፣ ክቡራን አድማጮች፣ በደጃፋችሁ የወይን ሐረግ ያላችሁ ሁሉ ፍሬውን ለወፍ አትተዉት። ከመጭመቃችሁም በፊት በማዕዳችሁ ዙሪያ የሚቀመጡት እነማን እንደ ሆኑ አስቡ፤ ከዚያ በኋላ ስንቱ ለጠጅ፣ ስንቱ ለጭማቂ እንደሚሆን መክፈል ቀላል ነው።