የደወልኩት እኔ ነበርኩ

(ሀዋሳ ላይ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል የተደረገ ንግግር)



ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ብለን ገብተን ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ብለን የወጣን ልጆች ስንት እንደሆንን ከዚህ ላይ ሆኜ ሳይ ደስ ብሎኛል። ትናንት ጠዋት አሞራ ገደል ወርደን ነበር። ተማሪ ሳለን በዳጣ እየነከርን ጥሬውን ዓሣ ስንበላ የነበርነው ልጆች ትናንት አንዳችንም አልደፈርንም። ሁላችንም የተጠበሰ አዘዝን። አባ ኮዳዎቹ ግን እንደ ድሮው እዚያው ቆመዋል፤ እነሱ አላረጁም።

አዘጋጆቹ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ሃያ ደቂቃ እንድናገር ጠይቀውኝ እሺ ብዬ ነበር። ቁጭ ብዬ ስጽፈው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። የምነግራችሁ ስለ ተማሪዎች የኮድ ውድድር ነው። የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ከኮድ ጋር ምን አገናኛት የምትሉ ካላችሁ ልክ ናችሁ። እኔ ኮምፒውተር ላይ የምችለው የታካሚ ካርድ መክፈት ነው፤ እሱም እምቢ ሲለኝ የአይቲ ልጆቹን እጠራለሁ። ነገሩ የመጣብኝ በቤተሰብ በኩል ነው።

የታላቅ እህቴ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል። ግቢው የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ለታሪኩም አይጠቅምም። ሦስተኛ ዓመት ሳለ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ለዩኒቨርሲቲው የማጣሪያ ውድድር ተመዘገበ። ስለ ውድድሩ ያወቅሁት በእሱ ምክንያት ስለሆነ በአጭሩ ላስረዳችሁ። አይሲፒሲ የሚባለው የዓለም የዩኒቨርሲቲዎች የፕሮግራሚንግ ውድድር ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው። ከየግቢው የተመረጡ ቡድኖች በአገር አቀፍ ደረጃ ይወዳደራሉ፤ ከዚያ የአፍሪካና የዓረብ አገሮች ውድድር አለ፤ ከዚያ የዓለም ፍጻሜ። በ2024 እ.ኤ.አ. 46ኛውና 47ኛው ፍጻሜ በአንድ ላይ የተካሄዱት ግብፅ፣ ሉክሶር ነው። ይኸውና ጎረቤት ማለት ነው።

ደንቡ ሲያዩት ቀላል ነው። ቡድኑ ሦስት ሰው፣ ኮምፒውተሩ አንድ፣ ሰዓቱ አምስት። ኢንተርኔት የለም፣ ስልክ የለም። በወረቀት የታተመ ማስታወሻ ይፈቀዳል፣ እሱም በገጽ የተገደበ ነው። አንድ ጥያቄ ሲፈቱ ጠረጴዛቸው ላይ ፊኛ ይታሰርላቸዋል። የተሳሳተ መልስ ልከው በኋላ ያንኑ ጥያቄ ከፈቱት ለእያንዳንዱ ስህተት 20 ደቂቃ ይጨመርባቸዋል። የመጨረሻው አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ የውጤት ሰሌዳው ይቆማል፤ ማን እየመራ እንደሆነ ተወዳዳሪ አያይም። እኔን የገረመኝ ሦስት ሰው በአንድ ኮምፒውተር የሚለው ነው። አንዱ ሲጽፍ ሁለቱ በወረቀት ያስባሉ። እኛ በኢንተርንነት ጊዜ በአንድ ስቴቶስኮፕ ሦስት ሆነን ዋርድ እንዞር የነበረውን አስታወሰኝ።

የውድድሩ ቀን እኔ ዲዩቲ አድሬ ነበር። ሌሊቱን ሁለት ኦፕራሲዮን ሠርቻለሁ፣ እንቅልፍ የለም። ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ከሆስፒታል ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ልጁ ትዝ አለኝ። ውድድሩ ከሰዓት የሚጀመር መስሎኝ ነበር። አይዞህ ልበለው፣ ቁርስም ሳይበላ ይሆናል ብዬ ደወልኩ። ሁለቴ ጠራ፣ ተዘጋ። ተኝቷል ብዬ እኔም ሄጄ ተኛሁ።

ስልኩ ወንበሩ ላይ የተሰቀለ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበር። ውድድሩ ከጀመረ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ሦስት ጥያቄ ፈተዋል፣ ሦስት ፊኛ አላቸው፤ አራተኛውን ሊልኩ ነበር። ተቆጣጣሪው መጣ፣ ዳኛው ተጠራ፣ ደንቡ ተነበበላቸው፣ ሦስቱም ወጡ። ፊኛዎቹ ጠረጴዛው ላይ እንደታሰሩ ቀሩ።

እህቴ ስትደውልልኝ እያለቀሰች ነበር። "ልጄን እንደ ሌባ አስወጡት፤ አንቺ ስለደወልሽለት!" አለችኝ። ምን ልበላት? "እትዬ፣ ቆይ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ" አልኳት። እንግዲህ ይህች አስተካክለዋለሁ የምትባለውን ቃል ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ስልኬን ከፈትኩና ማንን ላግኝ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከዳኞቹ አንዱ ከእኛ ባች ልጆች የአንዱ ታናሽ ወንድም ሆኖ ተገኘ። ወጣት መምህር ነው። ወንድሙን አስደወልኩ፣ ቀጥዬም ራሴ ደወልኩ።

በጣም በትህትና አናገረኝ። እኔም ጉዳዩን አስረዳሁት፦ ልጁ ስልኩን አልነካም፣ አላነሳም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የጥሪ ዝርዝሩን ማየት ይቻላል፣ ሐኪም ነኝ፣ ካስፈለገ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ምን ዓይነት ደብዳቤ ልጽፍ እንደነበር እግዜር ይወቅ! እስክጨርስ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ "ዶክተር፣ ልጁ አልኮረጀም፣ እሱን አምናለሁ" አለኝ። "ግን ከእነሱ በፊት በሌላኛው ክፍል አንድ ቡድን በዚሁ ምክንያት አስወጥቻለሁ። እነሱም አልኮረጁም ይሆናል። ስለ እነሱ ግን ማንም አልደወለልኝም።"

አልተቆጣኝም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ለብዙ ቀን ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ግትር ሰው እንዴት መምህር ይሆናል አልኩ። እዚህ የተቀመጣችሁ መምህራን ይቅር በሉኝ፣ በውስጤ ብዙ ብያለሁ።

የናደደኝን ነገር ያበረደው ሥራዬ ነው። ከዚያ ወር በኋላ ይመስለኛል፣ አንዲት እናት በኦፕራሲዮን አዋልደን፣ ማህፀኑን ሰፍተን፣ ሆድ ልንዘጋ ስንል ስክራብ ነርሷ "ዶክተር፣ አንድ ጎዝ ጎድሎኛል" አለችኝ። እኔ ሆዱን አይቻለሁ፣ ምንም የለም። "ሲስተር፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ስፌት ስጪኝ" አልኳት። አልሰጠችኝም። "እንቁጠር" አለች። ቆጠርን፣ አንድ ጎድሏል። በድጋሚ ቆጠርን፣ ያው ነው። በመጨረሻ ጎዙ ከታካሚዋ እግር በኩል ድሬፑ እጥፋት ውስጥ ተጣብቆ ተገኘ። ሆድ ውስጥ አልነበረም። ትክክል የነበርኩት እኔ ነበርኩ ማለት ነው። ቢሆንም ስፌቱን ባለመስጠቷ ቅር ሊለኝ አልቻለም፤ ምክንያቱም በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ትክክል የማልሆንበት ቀን እንዳለ አውቃለሁ፣ ያንን ቀን ደግሞ ከሌላው ለይቼ ማወቅ አልችልም። ነርሷ እኔን አልተጠራጠረችም። የቆጠረችው ጎዙን ነው።

የቀዶ ሕክምና ባልደረቦቼ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ቅጽ በስምንት ከተሞች ተሞክሮ፣ አንዷ ታንዛኒያ ውስጥ ናት፣ ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲታተም የሞት መጠኑ ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ፣ ከባድ ጉዳቱ ከ11 ወደ 7 በመቶ ወርዶ ነበር። ቅጹ አዲስ መድኃኒት የለውም። የታካሚዋ ስም ማነው፣ ጎዙ ስንት ነው የሚል ጥያቄ ነው፤ ፕሮፌሰሩም ኢንተርኑም እኩል ይመልሱታል።

ያን ጊዜ ነው የወጣቱ መምህር ነገር የገባኝ። ዳኛው የልጁን ልብ መርምሮ ይህ አጭበርባሪ ነው፣ ያኛው ጨዋ ነው እያለ ቢወስን ኖሮ፣ ጨዋ የሚባለው ማን ይሆን ነበር? ዳኛው የሚያውቀው ልጅ፣ ወይም የሚያውቀው ሰው የደወለለት ልጅ። እኔ ለእህቴ ልጅ ምሕረት የጠየቅሁ መስሎኝ ነበር። የጠየቅሁት የያኛውን ቡድን ልጆች ከውጭ ትቶ የእኛን ልጅ እንዲያስገባልኝ ነው።

ይህንን ስል ደንብ ሲጠብቅ ሁሉ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተናን አስታውሱ። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ወጥቶ ተሰረዘና እንደገና ተሰጠ። ከዚያ በኋላም የኩረጃው ነገር ተባብሶ፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 ጥቅምት በየዩኒቨርሲቲው ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ፤ የእኛም ግቢ ተቀብሏቸዋል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ቁጥጥሩ እውነቱን አሳየን፣ ትክክልም ነበር። ነገር ግን የፊዚክስ መምህር አይቶ የማያውቅን የገጠር ልጅ ፍተሻ ፊዚክስ አያስተምረውም። ቴርሞሜትር ትኩሳት ያሳያል እንጂ አያበርድም። አጥብቀን ከለካን በኋላ ሕክምናውን ከተውነው የልጁን ውድቀት ብቻ ነው የመዘገብነው።

በኮድ ውድድሩም ቢሆን ሁሉም ጥፋት እኩል አይቀጣም። ኮድፎርስስ የሚባል ልጆቹ ሌሊት ሌሊት የሚወዳደሩበት መድረክ አለ፤ ኮዳቸው ከሌላ ሰው ኮድ ጋር ከተመሳሰለ የሰጠውም የወሰደውም ይቀጣል። በ2024 እ.ኤ.አ. መስከረም ደግሞ በውድድር ጊዜ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን መጠቀም ላይ ጥብቅ ገደብ አወጣ። ደንቡ የሚገርመውን ያህል ተጽፎ ተብራርቷል፣ ምን ይፈቀዳል፣ ምን አይፈቀድም ተብሎ። የእህቴ ልጅ ግቢ ላይ የታዘብኩት ጉድለት ይኸው ነው። ደንቡ በእንግሊዝኛ ተለጥፏል፣ ጠዋት በማይክ አንድ ጊዜ ተነቧል፣ ግማሹ ልጅ ወንበር እየፈለገ ነበር። ስልክ የሚቀመጥበት ቦታም አልተዘጋጀም። ስልክ ይዞ መግባት ያስወጣል ካልን በሩ ላይ ስልክ መቀበል አለብን። እኛ ኦአር በር ላይ ጫማ የምናስቀይረው ሰው ሁሉ እንዲያስታውስ አይደለም፤ እንደሚረሳ ስለምናውቅ ነው።

ይህን ለወጣቱ መምህር በኋላ ደውዬ ነገርኩት። በዚህኛው ጥሪ ልመና አልነበረበትም። ሰማኝ፣ ጻፈውም። በቀጣዩ ዓመት በሩ ላይ ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ ስልክ በፖስታ ታሽጎ፣ ስም ተጽፎበት ተወሰደ። የእህቴ ልጅም በዚያ ዓመት ተወዳድሮ ደህና ውጤት አመጣ። ከእህቴ ጋርም ታርቀናል፤ ዶሮ ሠርታ ጠርታኛለች።

እንግዲህ እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን አንድ የቀረ ነገር አለ። ከሦስቱ አንዷ ልጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። ከገጠር የመጣች ናት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ላይብረሪ ሲዘጋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትለማመድ እንደነበር የእህቴ ልጅ ነግሮኛል። ለእሷ ቀጣይ ዓመት የሚባል አልነበረም። ስልክ አልያዘችም፣ አልደወለችም፣ አልተደወለላትም። ያ መምህር ደንቡን በማስከበሩ ትክክል ነው ብያችኋለሁ፤ አሁንም እላለሁ። እሷን ሳስብ ግን አፌ ላይ ይከብደኛል።

መምህራኖቻችን ሆይ፣ ፈተና በደረሰ ቁጥር፣ ውጤት በተለጠፈ ቁጥር ስልክ የምንደውልላችሁ ሌላ ማንም አይደለም፤ በዚህ አዳራሽ የተቀመጥነው ነን። "የእኛ ልጅ ነውና እስቲ እየው" እንላለን። ማኅበራችን የተቋቋመው ለመረዳዳት እንደሆነ አውቃለሁ። ለኮድ ክበቡ ኮምፒውተር እንግዛ፣ ላይብረሪው እስከ ሌሊት እንዲከፈት መብራቱን እንክፈል፣ ለዚያ እኔ አስተዋጽኦዬን ዛሬ ለገንዘብ ያዧ ሰጥቻለሁ። ለዳኛ መደወሉን ግን ትቼዋለሁ፤ እናንተም ሲደወልላችሁ፣ እኔም ብሆን፣ እንዳትሰሙ።

ለልጅቷ ባለፈው ወር ደወልኩላት። አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ውስጥ ኮድ ትጽፋለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ስልክ አይፈቀድም፣ ስወጣ ልደውልልዎት?" አለችኝ። እሺ ልጄ አልኳት። እስካሁን አልደወለችም፤ እየጠበቅኋት ነው።