ማዳበሪያና ከተማችን



በሌላው ዓለም በኬሚካል ፋብሪካ ያደጉ ትንንሽ ከተሞች አሉ። አሰላን ያሳደጋት እንዲህ ያለ ፋብሪካ አይደለም። ነገር ግን ከተማችንን ከለወጡት ነገሮች አንዱ በጆንያ ሆኖ ከባሕር ማዶ የመጣው ማዳበሪያ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

እንደሚታወቀው በ1960 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ያቋቋሙት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር አጠራሩ «ካዱ»፣ መቀመጫውን አሰላ አድርጎ ሥራ ጀመረ። ቁሉምሳ ላይ የተሞከረ ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያም ለገበሬው በብድር ያከፋፍል ነበር። በኬሚስትሪ ክፍል እንደተማርነው፣ ከአንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው፤ ዳፕ ደግሞ ፎስፈረስ ይጨምርበታል። የጭላሎ ግርጌ ይህን ሲቀምስ ምርቱ ከፍ አለ።

ከዚህ ላይ ግን ዝም ብለን የማናልፈው ነገር አለ። ምርቱ ሲበዛ መሬቱ ተወደደ። ባለመሬቱም ትራክተር አስገብቶ ራሱ ማረስ ቢያዋጣው ጢሰኛውን አስነሣ። ለድኻው ይበጃል የተባለው ነገር ብዙ ድኻ ከጎጆው አፈናቀለ። ጥፋቱ የማዳበሪያው አልነበረም፤ መሬቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ሳይፈታ መምጣቱ ነው እንጂ። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ አስቀድመው ለተነሡት ግን ዘግይቶባቸዋል።

ኋላ በደርግ ዘመን የብቅል ፋብሪካው ተተከለ፤ የአርሲ ገብስም ገበያ አገኘ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

ያን ዘመን የምታስታውሱ አያቶቻችን ሆይ፣ ማታ ስንጠይቃችሁ የስንዴውን ብቻ ሳይሆን የተነሡትንም ሰዎች ነገር አጫውቱን።