የሚሸከም ሰው የሚያውቀው
በፉሪ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በቅዱስ ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ስለ ተጻፈው ሽባ ስንሰብክ አብዝተን የምንናገረው ስለ ፈውሱ ነው። ዛሬ ግን በአራቱ ተሸካሚዎች ላይ ጥቂት እንድንቆይ እለምናለሁ። በሩ በሕዝብ ቢጨናነቅባቸው ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ ጣሪያውን ገልጠው አልጋውን አወረዱ። ይህን ዘዴ ያስገኘላቸው ሸክሙ በእጃቸው ላይ መሆኑ ይመስለኛል።

በዘመናችንም የዚህ ዓይነት ሥራ ታይቷል። ደቢ ኤልናታን የተባለች በእስራኤል የምትኖር እናት ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም በአንጎል ላይ ከሚደርስ ጉዳት የተነሣ እንቅስቃሴን የሚያውክ ችግር ያለበት ልጅ ነበራት። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሲሆነው፣ እግሮቹ ምን እንደ ሆኑ እንኳ እንደማያውቅ ከሕክምና ባለሙያዎች ሰማች። እርሷ ግን ቀን በቀን እየደገፈች ታራምደው ጀመር። ሥራው እጅግ አድካሚ ነበር፤ መሣሪያውም የተወለደው ከዚያ ድካም ነው። ልጁ መታጠቂያ ይለብሳል፤ መታጠቂያው በወላጁ ወገብ ላይ ካለው ቀበቶ ጋር ይያያዛል፤ የወላጁና የልጁ እግር ደግሞ በተጣመረ ነጠላ ጫማ ላይ ያርፋል። ወላጁ ሲራመድ ልጁም ይራመዳል፤ የሁለቱም እጅ ነጻ ይሆናል። እናቶቻችን የሚያዝሉበት አንቀልባ ከጀርባ ወደ ፊት ዞሮ፣ የታዘለውም ልጅ ቆሞ ቢሄድ ይህን ይመስላል።

አንድ የሰሜን አየርላንድ አምራች ሐሳቡን ተቀብሎ ከንድፍና ከሕክምና ባለሙያዎች ጋር ካሻሻለው በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም. «አፕሲ» በሚል ስም ለገበያ አቀረበው።

መሣሪያው ራሱ ወደ ፉሪ ይምጣ ለማለት አይደለም። ለትንንሽ ልጆች እንጂ ለአዋቂ አይሆንም፤ ዋጋውም ለብዙዎቹ ምእመኖቻችን የሚቀመስ አይደለም። ወደ እኛ እንዲመጣ የምሻው ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ አስታማሚዋ፣ ቀጥሎ ሠሪውና ባለሙያው። እኛ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን። ዊልቸር እንለምናለን፤ ሲመጣ ፎቶግራፍ እንነሣለን። ለሆስፒታል ወለል የተሠራ፣ የፊት ጎማው ትንሽ የሆነ ወንበር ግን በክረምት ጭቃችን ውስጥ ይቀረቀራል። ለሰውየው ሳይለካ የተሰጠ ደግሞ የባሰ ነው፤ ስሜት በሌለው ገላ ላይ፣ ያለ ተገቢ ትራስ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ቁስል ያወጣል፤ ቁስሉም እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ልኬትን፣ ማስተካከልን፣ ሥልጠናንና ክትትልን ከወንበሩ ጋር አብሮ የጠየቀው በከንቱ አይደለም። ራሱ በዊልቸር የሚሄደው አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ሆችኪስም ለአስቸጋሪ መንገድ ሰፊ የፊት ጎማ ያለውንና የሰፈር በያጅ ሊጠግነው የሚችለውን ወንበር በመንደፍ ይታወቃል።

ስለዚህ ወደ አንድ ቤት ስትገቡ አስቀድማችሁ «ማን ያነሣዋል? በቀን ስንት ጊዜ? የሚቸግራችሁ የት ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እናቲቱ በአሮጌ ወንበር እግር ላይ ጎማ አስራ ብታገኟት፣ ወይም ልጇን ከአልጋ ለማንሣት ጋቢ አጥፋ መያዣ ብታበጅ፣ አትናቁባት፤ የሚያስፈልገው ነገር ንድፍ እርሱ ነው። በያጅና አናጢ በየሰበካችን አሉ። ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ግን ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይታይ። ከቡራዩ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ፣ በመናገሻ የሚገኘው የቼሻየር ማዕከል አካል ጉዳተኛ ሕፃናትን በመርዳት የብዙ ዓሠርት ዓመታት ልምድ አለው።

ደጃችንንም እንይ። አንድ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ደረጃ የ180 ሴንቲ ሜትር ተዳፋት ይፈልጋል፤ ይህ ጥቂት ሲሚንቶና የአንድ ቀን ጉልበት ነው። መጻጉዕን በምናስብበት በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ እንዲደርስ ዛሬ ብትወስኑ ደስ ይለኛል።

የሚቀረው የጎማው ነገር ነው። ጫማ አውልቆ መግባት ሥርዓታችን ነውና፣ ከመንገድ የመጣ ወንበር ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ሲደርስ አስተናባሪው ግራ ይጋባል፤ ባለ ወንበሩም አፍሮ ከውጭ ይቀራል። ውሳኔው የአባቶች ነው። እኔ በበኩሌ ጎማው የሚታጠብበት ውኃና የሚደርቅበት ንጹሕ ጨርቅ በደጃፉ ይቀመጥ፣ አንድ ወጣት የሰንበት ትምህርት ቤት አባልም ይመደብለት እላለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።