ከደመወዛችሁ ስለሚቆረጠው 7 በመቶ
(በእንጅባራ ለአዲስ ተቀጣሪ አባላት የቀረበ ንግግር)

ዘንድሮ በመምህርነት፣ በነርስነትና በጤና ኤክስቴንሽን የተቀጠራችሁ ልጆቻችን፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ከዳንግላ ድረስ ለመጣችሁም ምስጋናዬ የተለየ ነው።

የመጀመሪያው ደመወዝ ሲወጣ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ገና በ22 ዓመቴ ለምን የጡረታ ይቆረጥብኛል?» ጡረታ እንደ ዕቁብ አይደለም። በዕቁብ ተራችሁ ሲደርስ ያንኑ የጣላችሁትን ታነሳላችሁ። ጡረታ የሚቀርበው ለዕድር ነው። ሁሉም ያዋጣል፤ ዕድሜው የደረሰ፣ አካሉ የተጎዳ፣ ሰው የሞተበት ቤተሰብ ይረዳበታል። ደግሞም ብቻችሁን አይደለም የምታዋጡት። ከእናንተ መደበኛ ደመወዝ 7 በመቶ ሲቆረጥ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምራል። 10,000 ብር የሚከፈላት ሠራተኛ 700 ብር ስታዋጣ 1,100 ብር ይታከልላታል ማለት ነው።

አሁን የሚሠራው ሕግ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም። 10 ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ በ60 ዓመቷ ስትወጣ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዟ ተይዞ 30 በመቶው በየወሩ እስከ ዕድሜ ልኳ ይከፈላታል። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለችበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በ22 ዓመቷ ተቀጥራ ሳታቋርጥ 38 ዓመት የሠራች 65 በመቶ ታገኛለች።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ በሰው ሀብት ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት እንባ ያየሁት በዚህ ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን የተወለድንበትን ቀን የምናውቀው እናቶቻችን «ገብስ ሲታጨድ ነው»፣ «የአጎትሽ ሠርግ ዓመት ነው» ብለው ስለነገሩን ነው። ትምህርት ቤት ስንገባ አንዱ በግምት ጻፈልን፤ ስንቀጠር ደግሞ ሌላ ጻፍን። ለጡረታ የሚያዘው መጀመሪያ ስትቀጠሩ የሞላችሁት ዕድሜ ነው። በኋላ እናስተካክለዋለን ማለት አያዋጣም። በእውነት 22 የሆነች ልጅ 27 ብላ ብትሞላ፣ ገና በ55 ዓመቷ መዝገቡ «60 ሞላሽ» ይላታል። አገልግሎቷ 33 ዓመት ይሆናል፤ አበሏም ከ65 ወደ 58.75 በመቶ ይወርዳል። አማካይ ደመወዟ 10,000 ብር ቢሆን በየወሩ 625 ብር አጣች ማለት ነው፤ የቀረባትን የ5 ዓመት ደመወዝ ሳንቆጥር። «ቶሎ ማረፍ እፈልጋለሁ» የምትል ብትኖር ለዚያ ሕጉ ራሱ መንገድ አለው፤ 25 ዓመት ያገለገለ ሰው ከመውጫው 5 ዓመት ቀድሞ በራሱ ጥያቄ ጡረታ መውጣት ይችላል። ዕድሜን ማዛባት አያስፈልግም።

ሌላው የቤተሰብ ነገር ነው። «ባል ሲሞት ሚስት ታገኛለች» የሚለውን ሁሉም ያውቃል። የሴቷ ጡረታም ለባሏና ለልጆቿ እንደሚተላለፍ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ ብትሞት ለባል የአበሉ 50 በመቶ፣ 18 ዓመት ላልሞላው ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ በእሷ ድጋፍ ይኖሩ ለነበሩ ወላጆች ለእያንዳንዳቸው 15 በመቶ ይታሰባል፤ ድምሩ ከሙሉው አበል አይበልጥም። ሞቱ በሥራ ምክንያት በደረሰ ጉዳት ከሆነ 10 ዓመት መሙላት አይጠበቅባትም። ገጠር ለገጠር በእግር ለምትዞሩት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ማስረጃ ሲኖር ነው። በሽማግሌ ፊት የተፈጸመ ጋብቻ በእኛ ዘንድ የተከበረ ነው፤ ቢሆንም ወደ ቀበሌ ሄዳችሁ በወሳኝ ኩነት አስመዝግቡት። የልጆቻችሁንም ልደት እንዲሁ። ከዚያ መሥሪያ ቤት የሞላችሁትን የሕይወት ታሪክ ቅጽ አስጨምሩበት። ሳታገቡ የሞላችሁት ቅጽ አራት ልጅ ከወለዳችሁ በኋላም እንደነበረ ከተቀመጠ፣ ልጆቻችሁ አባታቸውን ይዘው ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይንከራተታሉ።

በኮንትራት የተቀጠራችሁ ካላችሁ፣ አዋጁ የሚሸፍነው ቋሚ ሠራተኛን ስለሆነ ደብዳቤያችሁን ደግማችሁ አንብቡ። ከዚህ በፊት በግል ድርጅት ሠርታችሁ የጡረታ መዋጮ ከተቆረጠባችሁ ደግሞ ያ አገልግሎት ከአሁኑ ጋር ስለሚደመር የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን አትጣሉት።

የቅጥር፣ የዝውውርና የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤዎቻችሁን ቅጂ ቤት አስቀምጡ። ከባንጃ ወደ ጃዊ ስትዛወሩ ፋይሉ ተከትሏችሁ እንደሚመጣ እርግጠኛ አትሁኑ፤ ባለቤቱ ካልጠየቀው መንገድ ላይ የቀረ ፋይል ብዙ ነው።

ቅጽ መሙላት ለሚቸግራችሁ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ እቆያለሁ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ፤ ከኋላ ያሉት እናት እጃቸውን ካወጡ ቆይተዋል፣ ከእሳቸው እንጀምር።