የዋልካ አፈርና የኤክስሬይ ምርመራ
ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በመንገድና በሕንጻ ሥራ ላይ የተሰማራ ባለሙያ ሁሉ ዋልካን ያውቃል። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ የታነጸውም ቤት መሠረቱ እየተነሣና እየሰመጠ ግድግዳው ይተረተራል። ይሁን እንጂ ጥቁር አፈር ሁሉ እኩል አያብጥም። ልዩነቱ ከቀለሙ ሳይሆን በአብዛኛው በውስጡ ካሉት የሸክላ ማዕድናት ዓይነት የሚመነጭ ስለሆነ፣ የአፈሩን ጠባይ ለመረዳት ማዕድኑን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሸክላ ቅንጣት ከ0.002 ሚሊሜትር ያነሰ በመሆኑ በተራ ማይክሮስኮፕ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። መንገዱን የከፈተው ኤክስሬይ ነው። በ1912 እ.ኤ.አ. ማክስ ፎን ላወና ተባባሪዎቹ ክሪስታል የኤክስሬይን ጨረር በሥርዓት እንደሚበትን አሳዩ። ወዲያውም ብራግ አባትና ልጅ ጨረሩ ከሚመለስበት ማዕዘን በመነሣት በአተሞች ንጣፎች መካከል ያለውን ርቀት ማስላት እንደሚቻል አረጋገጡ። በ1930 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሄንድሪክስና ፍራይ በዚሁ ዘዴ ደቃቁ የአፈር ክፍል ክሪስታላዊ ማዕድናትን የያዘ መሆኑን ገለጡ።

የናሙናው አዘገጃጀት እንደሚከተለው ነው። አፈሩ በውሃ ይበጠበጥና ሻካራው ክፍል እስኪዘቅጥ ይቆያል፤ በውሃው ውስጥ ተንሳፎ የቀረው ደቃቅ ሸክላ ተቀድቶ በመስተዋት ላይ እንዲደርቅ ይደረጋል። ቅጠል መሰል የሆኑት ቅንጣቶች በጠፍጣፋ ጎናቸው ስለሚተኙ የንጣፎቻቸው ርቀት በግራፉ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ዋናው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። በአየር በደረቀ ናሙና ላይ በ14 አንግስትሮም ግድም የሚታይ ጫፍ የስሜክታይት፣ የክሎራይት ወይም የቬርሚኩላይት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያው ናሙና ሦስት ጊዜ ይነበባል፤ በመጀመሪያ እንደ ደረቀ፣ ቀጥሎ የኢትሊን ግላይኮል እንፋሎት ከጠጣ በኋላ፣ በመጨረሻም በ550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ ከጋለ በኋላ። በግላይኮል ጊዜ ስሜክታይት ወደ 17 አንግስትሮም ያብጣል፤ ሲግል ደግሞ ወደ 10 ይኮማተራል። ክሎራይት በሁለቱም ጊዜ በ14 ግድም ይጸናል። ኢላይት ከ10 አይነቃነቅም። የካኦሊናይት የ7 አንግስትሮም ጫፍ ግን በግለቱ ይጠፋል።

በመጀመሪያው ንባብ ብቻ የሚወሰን ሰው ከሁለት ጉዳቶች በአንዱ ላይ ይወድቃል። የማያብጠውን ክሎራይት ስሜክታይት ነው ቢል ደኅና አፈር በከንቱ ተቆፍሮ ይጣላል፤ ስሜክታይቱን ክሎራይት ነው ቢል ደግሞ የሕንጻው ባለቤት ኪሣራውን ከክረምቱ በኋላ በግድግዳው ላይ ያነበዋል።

የዘዴውም ወሰን ሊዘነጋ አይገባም። የጫፉ ቁመት ብቻውን የማዕድኑን መጠን አይናገርም። እንደ አሎፌን ያሉ ከእሳተ ገሞራ አመድ የሚገኙ፣ የተስተካከለ የክሪስታል ሥርዓት የሌላቸው ቁሶችም ግልጽ ጫፍ አያሳዩም። ስለሆነም ኤክስሬይ የአተርበርግ ወሰንንና የእብጠት ፈተናን የሚደግፍ እንጂ የሚተካ አይደለም።

እንግዲህ የላቦራቶሪ ዘገባ የማዕድናትን ስም ብቻ ዘርዝሮ ሲቀርብ፣ ተቀባዩ መሐንዲስ ሦስቱን ግራፎች አብሮ መጠየቅ ይገባዋል። ስም ያለ ማስረጃ መሠረት አይሸከምም።