በረንዳ ስንሠራ ለኤሌክትሪክ ቦታ እንተውለት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ርእሴ ለበዓል የሚስማማ አይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ከዚህ ስንወጣ ሁላችንም የምንገባው ወደየቤታችን ነውና ስለ ቤት መናገር ይገባል ብዬ አስባለሁ።

ግራና ሙቀት ያለበት አገር ስለ ሆነ በረንዳ የሌለው ቤት እንደ ጎደሎ ይቆጠራል። ጥቂት ገንዘብ የተረፈው ሰው ባሕር ዛፍ ያቆማል፣ ቆርቆሮ ይመታል፣ ጥላውን ያሰፋል። ይህ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ቆጣሪው የተሰቀለው ብዙ ጊዜ በዚያው ግድግዳ ላይ ነው፤ ከምሶሶ የሚመጣውም ገመድ የሚያልፈው በዚያው በኩል ነው። በረንዳው ሲያልቅ ቆጣሪው ከውስጥ ይቀራል፤ ውሎ አድሮም የማሽላ አገዳ፣ ማገዶና ጆንያ ይከመርበታል። ገመዱም በአዲሱ ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ያርፋል።

ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ገመዱ ከቆርቆሮው ጋር ይፋተጋል። ልባሱ ተልጦ ሽቦው ብረቱን የነካ ዕለት ጣራው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ያን ጊዜ በዝናብ የረጠበ ልጅ ከጣራው ጋር የታሰረውን የልብስ ማስጫ ሽቦ ቢነካ ይያዛል።

«ብሬከር አለን፤ እሱ ይቆርጠዋል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በፊዚክስ ትምህርታችን እንመርምረው። የቤታችን ኃይል 220 ቮልት ነው። የረጠበ ሰው ሰውነት ተቃውሞ 1,000 ኦም ያህል ቢሆን፣ 220 ለ1,000 ሲካፈል 0.22 አምፔር ይሆናል። የልብን አመታት ለማሳት ግን 0.1 አምፔር እንኳ ሊበቃ ይችላል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ከ16 በላይ ካልሄደበት አይቆርጥም። ስለዚህ እንጀራ ምጣዱን የሚችል ብሬከር ሰው ሲሞት ምንም አይሰማውም፤ የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል ነውና። በ0.03 አምፔር የሚቆርጥ መሣሪያም አለ፤ የሚችል ቢያስገባ መልካም ነው። ነገር ግን ከምሶሶ እስከ ቆጣሪ ያለው ገመድ ከነዚህ ሁሉ በፊት ስለሆነ የቤቱ ብሬከር አይገዛውም። በዚያ ቦታ የሰው ጠባቂ ርቀት ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ምሰሶ ከመትከላችን በፊት ቀና ብለን ገመዱ በየት እንደሚያልፍ እንይ። ጣራው የሚደርስበት ከሆነ ሥራው ይቆይ። ገመዱንም ሆነ ቆጣሪውን በራሳችን እጅ አናዛውር፤ ይህ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው።

ሁለተኛ፤ በቆጣሪውና በዋናው ማጥፊያ ፊት ቦታ እንተው። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ እንዲህ ላለው ሰሌዳ ከፊቱ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በወርድ 76፣ በቁመት 2 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይጠይቃል። ይህ አንድ ሰፊ እርምጃ ማለት ነው። እሳት ቢነሣ ማጥፊያውን ለመድረስ ጆንያ የምናነሣበት ጊዜ አይኖርም።

ሦስተኛ፤ በመንገድ ዳር የሚያልፈው ከፍተኛ መሥመር 15,000 ወይም 33,000 ቮልት ሊሆን ይችላል። ሳይነኩት በመቅረብ ብቻ ሊዘል ይችላል። በገበያ የሚሸጠው ፌሮ ርዝመቱ 12 ሜትር ነውና ከመሥመር በታች ፈጽሞ አናቁመው።

አራተኛ፤ ሰው በቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ቢይዘው እጁን አንጎትት። መጀመሪያ ዋናውን እናጥፋ፤ ካልተቻለ በደረቅ ሳንቃ ላይ ቆመን በደረቅ እንጨት ሽቦውን እናርቅለት። የወደቀው የመንገዱ መሥመር ከሆነ ግን አንቅረብ፤ ሌላውንም እንከልክል።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ሙሴ አዲስ ቤት የሚሠራውን ሰው ከጣራው ሰው እንዳይወድቅ መከታ እንዲያደርግለት አዟል። በዚያ ዘመን ኤሌክትሪክ አልነበረም፤ ቤት የሚሠራ ሰው ለሚገባበት ሁሉ ኃላፊ መሆኑ ግን ያኔም የታወቀ ነበር።

ወላጆቻችን ሆይ፣ የአንድ እርምጃ ቦታ ብትተዉ ጥላችሁ አይጠብም። ጓደኞቼ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ሜትር ይዛችሁ ከየቤታችሁ ቆጣሪ ፊት ያለውን ለኩ፤ የተከመረ ካለ አንሡ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና።