የፈረሰኛ ወግ

የዛሬው ርዕሳችን የፈረሰኛ ወግ ነው።

ለመሆኑ የፈረሰኛ ወግ ምንድን ነው? በአጭሩ፣ ባለጉልበት ጉልበቱን የሚገራበት ሥርዓት ነው። እስቲ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ የጭነት መኪና አስቡ። ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ፍሬን ከሌለው ለመንገደኛው ሁሉ አደጋ ነው። የፈረሰኛ ወግም ፍሬን ነው።

ነገሩ እንዲህ ጀመረ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ፣ ፈረስና ጦር ያለው ተዋጊ ገበሬውን ይዘርፍ ነበር። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ያልታጠቀውን ሰው እንዳይነካ ታስምለው ጀመር። ቀስ በቀስም ቃልን ማክበር፣ ለአለቃ መታመንና ደካማን መጠበቅ የፈረሰኛ ወግ ሆኑ።

እኛስ ዘንድ? ወሎ የፈረሰኛ አገር ነው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የወሎን ፈረሰኞች የመሩት ራስ ሚካኤል፣ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል፣ በፈረሳቸው ስም አባ ሻንቆ ይባሉ ነበር። በፈረሱ ስም የሚጠራ ጀግና ደግሞ ስሙን ላለማሰደብ ይጠነቀቃል። ደካማም አልተረሳም፤ ንጉሡ ደሴ ላይ ባሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ባለጸጋውም ድሃውም ግብር በልቷል።

ዛሬም ጉልበት አለ፤ ሥልጣን፣ ገንዘብ፣ ዕውቀት። ስለዚህ ጉልበት ያላችሁ ሁሉ፣ የፈረሰኛ ወግ አይለያችሁ።